ሴራው ይለወጥ፣ ዋጋው ግን ይከፈል

ጥያቄ፦ 580 ገጽ ያለውን ምናባዊ ልብ ወለድ ወደ ሁለት ሰዓት ፊልም እየለወጥሁ ነው። ደራሲዋ ፈቅዳልኛለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አስማት በሠራች ቁጥር ከምታውቃቸው ቃላት አንዱን ለዘለዓለም ታጣለች፤ ከዚያ ገጽ ጀምሮ ተራኪውም ያንን ቃል ዳግመኛ አይጠቀምበትም። ለማሳጠር ስል ሦስቱን ጉዞዎቿን ወደ አንድ አመጣሁ፤ የጠፉትን ቃላት በደብተር ከመጻፍ በቀር ምንም የማይሠራውን ታናሽ ወንድሟን አወጣሁ፤ በመጽሐፉ መግቢያ ያለውን የመንግሥቱን ታሪክ በተራኪ ድምፅ አስገባሁ። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ መጨረሻው ላይ ትልቅ ጦርነት ይኑር፣ ልጅቷም ቃላቷን መልሳ ታግኝ ይላል። ረቂቁን ያነበቡ የመጽሐፉ ወዳጆች "ይህ ሌላ ታሪክ ነው" አሉኝ። ምን ያህል መለወጥ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ "ምን ያህል" የሚለውን ከጥያቄዎ ያውጡት። ግማሽ መጽሐፍ ተትቶለት መንፈሱ ያልጎደለ ፊልም አለ፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ተገልብጦ ነፍስ ያልዘራም አለ። እኔ የፊልም ጽሑፍ ሳነብ ለውጦችን አልቆጥርም። የተቆረጠው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ያንን ሥራ አሁን ማን እንደያዘው እፈልጋለሁ። በዚህ ዓይን ሳየው የጉዞዎቹን መዋሐድ እደግፋለሁ፤ የተራኪውን ድምፅ እጠራጠራለሁ፤ የወንድሟ መውጣት አሳስቦኛል፤ ቃላቱ ይመለሱ የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው እንዲቃወሙት እለምንዎታለሁ።

ከሒሳቡ እንጀምር። በሙያው ልማድ አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል። ሁለት ሰዓት ማለት 120 ገጽ ነው፤ ያውም ምልልሱ በመሐል እየወረደ ግራ ቀኙ ባዶ የሚቀር ገጽ። 580 ጥቅጥቅ ያሉ የልብ ወለድ ገጾች እዚያ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ስለ ቆረጡ ብቻ ማንንም ይቅርታ አይጠይቁ።

ሦስቱን ጉዞዎች አንድ ማድረግዎ ትክክል ነው። አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ያድራል፤ በማግስቱ ጀግናዋ እንደገና ከቤቷ ስትወጣ ቢያገኛት አይሰለቸውም። በአንድ መቀመጫ የሚጨርስ ተመልካች ግን ለሁለተኛ ጊዜ ስንቅ ስትቋጥር ሲያይ ታሪኩ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ከ1954 እስከ 1955 በታተመው የቶልኪን "የቀለበቶቹ ጌታ" (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቢልቦ ልደቱን አክብሮ፣ ያየውን ሁሉ የሚጎትተውን የአስማት ቀለበት ለወራሹ ለፍሮዶ ትቶ ከሄደ በኋላ፣ ፍሮዶ ቀለበቱን ይዞ መንገድ እስኪጀምር 17 ዓመት ያልፋል። በ2001 የወጣው የፒተር ጃክሰን ፊልም ያንን ዘመን አጥፎ ወጣቱን ፍሮዶን በወጣትነቱ አስወጣው። ከፍሮዶ የጉዞ ጓደኞች አንዱ የነበረው የቦሮሚር ሞትም በመጽሐፉ የሁለተኛው ቅጽ መክፈቻ ነው፤ ፊልሙ ግን የመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ አደረገው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ የተቀመጠ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ልቡ ውስጥ ይዞት የሚሄድ ነገር ያስፈልገዋልና። ሁለቱም ለውጦች የድርጊቶቹን ጊዜና ቦታ ነክተዋል፤ የቀለበቱን ክብደት አልነኩም።

ጉዞዎች ሲዋሐዱ የሚመጣ አንድ ፈተና ግን አለ፤ የተበታተነውን ለማሰር ከውጭ ገመድ መግዛት። ከሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርኒያ ምናባዊ መጻሕፍት አንዱ፣ በ1952 የታተመው፣ መርከብ ከደሴት ወደ ደሴት ስትዞር በየደሴቱ የተለየ ነገር የሚያጋጥማት የባሕር ጉዞ ነው። በ2010 ፊልም ሲሠራ ጸሐፊዎቹ ታሪኩ ልቅ እንደሆነ አዩ፤ ደሴቶቹን ለማሰርም ሰው የሚነጥቅ አረንጓዴ ጉምና ተፈልገው መሰብሰብ ያለባቸውን ሰባት ሰይፎች ጨመሩ። በሽታውን በትክክል አውቀዋል። መድኃኒቱ ግን ከመጽሐፉ ደም ጋር የማይስማማ ሆነ፤ ደሴቶቹ የየራሳቸውን እንግዳነት አጥተው ሰይፍ የሚለቀምባቸው ማቆሚያዎች መሰሉ። የእርስዎ ገመድ መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦልዎታል፤ የቃላቱ ማለቅ ነው። በአንዱ ጉዞ ላይ አምስት ማረፊያዎች ካሉ በእያንዳንዱ ማረፊያ የምትከፍለው ቃል ካለፈው ይክበድ። መጀመሪያ የማትፈልገውን ቃል ትስጥ፣ ምናልባት አይታው የማታውቀውን እንስሳ ስም፤ እፎይ ትበል፣ በርካሽ የገዛች ይምሰላት። ቀጥሎ የሚያስፈልጋትን። ከዚያ የምትወደውን። ይህ ብቻውን ሦስት ጉዞ ይተካል።

አሁን ወደ ታናሽ ወንድሟ ልምጣ፤ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

ውል የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል። የልቃቂት ጫፍ ውል ይባላል፤ ሁለት ሰዎች የገቡት ስምምነትም ውል ነው። ለፊልም ጸሐፊ ሁለቱም አንድ ናቸው። በታሪክ ውስጥ የምናገኘው እያንዳንዱ ክር ለአንባቢ የተገባ ቃል ነውና፣ ከመቁረጥ በፊት ክሩን ይዞ እስከ መጨረሻው ገጽ መሄድ ያስፈልጋል። አምስተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ሲዘጋጅ የመጨረሻው መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበር። ጸሐፊዎቹ ክሪቸር የሚባለውን ሽማግሌ የቤት አገልጋይ ከረቂቁ አውጥተውት ነበር፤ የመጻሕፍቱ ደራሲ ሮውሊንግ ግን ወደ ፊት ስለሚያስፈልጋችሁ አታውጡት አለች፤ ቀረ። በዚያው በ2007 ፊልም አንድ ሌላ ነገር ወጣ፤ ሃሪ ከክርስትና አባቱ ከሲርየስ የሚቀበለው የአስማት መስተዋት። በመጽሐፉ ያ መስተዋት ተሰብሮ ስባሪው በሰባተኛው ቅጽ ሕይወት ያተርፋል። የ2010 ፊልም ላይ ስባሪው በሃሪ እጅ ብቅ ሲል መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የተቆረጠ ክር ያለ ውሉ ተመልሶ መጣ ማለት ይህ ነው።

"ሥራውን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሰጥቼዋለሁ" እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ይደረጋል። የቆሰለውን ፍሮዶን ለማዳን በቶልኪን መጽሐፍ የሚመጣው ግሎርፊንደል የተባለ ጦረኛ ነው፤ ፊልሙ ሥራውን ለአርዌን ሰጣት፤ በኋላ የምትፈለግ ሰው ቀደም ብላ ስለታወቀች ታሪኩ ተጠቀመ። ነገር ግን ሥራ ሲተላለፍ ፍቅር አብሮ ላይተላለፍ ይችላል። በአራተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ሃሪ ውሃ ውስጥ እንዲተነፍስ የሚያስችለውን ተክል የሚያመጣለት ዶቢ የሚባለው የቤት አገልጋይ ነው፤ በፊልሙ የትምህርት ቤት ጓደኛው ኔቪል አመጣለት። ለዚያ ትዕይንት ለውጡ እንከን የለበትም። ዶቢ ግን በ2002 ከታየበት ፊልም በኋላ እስከ 2010 ድረስ ከተመልካች ዓይን ጠፋ፤ ተመልሶ ሲመጣ ሊሞት ነበር የመጣው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ለዓመታት ካጠራቀመው ፍቅር ጋር አለቀሰ፤ ፊልሙን ብቻ ያየው ግን ያንን ፍቅር ለማጠራቀም ጊዜ አልተሰጠውም።

ታዲያ ወንድሟ ምን ይሠራል? መጽሐፉን ሲያነቡ ምንም የማይሠራ የመሰለዎት ሥራውን ተራኪው ስለያዘለት ነው። "ውሃ" የሚለው ቃል ከጠፋ በኋላ ተራኪው ቃሉን ይተወዋል፤ ወንዙን "ያ የሚፈሰው" ይለዋል፤ አንባቢው ጉድለቱን በገጹ ላይ ያገኘዋል። ካሜራ እንዲህ ማድረግ አይችልም። ወንዙ ስክሪኑ ላይ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ከዓለም የጎደለ ነገር የለም። ጉድለቱ በልጅቷ ውስጥ ብቻ ስለሆነ የሚያይላት ሰው ካልቆመ ተመልካች አያየውም። ደብተር የያዘው ልጅ ከተራኪው የተረፈልዎ ብቸኛው ዓይን ነው። በመጽሐፉ ትርፍ የነበረ ሰው በፊልሙ ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል የመለወጥ ሥራ ብዙ ጊዜ ያስተማረኝ ነገር ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አፏ የማይዘጋ ልጅ ትሁን፤ የምትቀልድ፣ የምትከራከር፣ ወንድሟ ሊናገር ሲል ቀድማው የምትጨርስለት። ከዚያ አንድ ቀን ጠምቷት ወደ እንስራው ትጠቁማለች፤ እጇ አየር ላይ ይቀራል። ልጁ "ውሃ?" ይላታል። ከንፈሩን እያየች ትደግመዋለች፤ ድምፁ ይወጣል፣ ነገሩ ግን አይያዝላትም፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጠቁማለች። ያን ጊዜ ደብተሩን ይገዛል። በሁለተኛው ቃል ሲጽፍ እናያለን። በአምስተኛው ሳትጠይቀው ያቀብላታል፤ መጠቆም አላስፈለጋትም። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የቃሉ ባለቤት እሱ ሆኗል፣ ዝምታው የእሷ። ቀድሞ እሷ ትጨርስለት የነበረውን ዓረፍተ ነገር አሁን እሱ ይጨርስላታል። ለዚህ ሁሉ ከአራት የስክሪፕት ገጽ በላይ አያስፈልግዎትም፤ ለተዋናዮቹም የሚሠሩት ሥራ ይሰጣቸዋል።

አንዳንድ ዳይሬክተር የጠፋው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲነገር በጩኸት ይሸፈን ሊልዎ ይችላል። አልመክርም። ለአንድ አፍታ በጆሮዋ ሰምተን በሚቀጥለው ከውጭ የምናያት ከሆነ፣ የማን ዓይን ይዘን እንደተቀመጥን ይጠፋናል። አንዱን ይምረጡ፤ ለዚህ ታሪክ የወንድሟ ዓይን ይበቃል።

ስለ ተራኪው ድምፅ አጭር ልሁን። የመንግሥቱ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚነገር ከሆነ ስለ ነገሥታቱ ሳይሆን ልጅቷ ስለምትከፍለው ዋጋ ይሁን። የጃክሰን ፊልም በትረካ ተከፍቶ የሚያዘልቀው የሚተረከው የቀለበቱ ታሪክ ስለሆነ ነው፤ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ከዓይናችን አይጠፋም። ከእርስዎ መግቢያ ውስጥ በኋላ ተመልሶ የማይመጣ ስም ካለ ይሰርዙት። ከዚያ መግቢያውን በሙሉ አውጥተው ስክሪፕቱን መጽሐፉን ለማያውቅ ሰው ይስጡት፤ ግራ የተጋባበትን ቦታ ብቻ ይሙሉ። ሰዎች አስማተኛ በመንገድ ሲያልፍ ልጆቻቸውን ከደጅ የሚሰበስቡ ከሆነ የመንግሥቱ ታሪክ ተነግሯል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የምናባዊ ታሪክ ዓለም የሚቆመው በሕጉ ላይ ነው። በእውነተኛው ዓለም ውስጥ በሚካሄድ ታሪክ ሞት ለምን እንደሚያስፈራ ማስረዳት አይጠበቅብንም፤ ተመልካች ከቤቱ ይዞት ይመጣል። በተፈጠረ ዓለም ግን የሚያስፈራውንም የሚያጓጓውንም የሚወስነው ደራሲው ያወጣው ሕግ ነው። የኧርሱላ ለጉዊን የኧርዝሲ መጽሐፍ (1968) የተሠራው አንድ ነገር እውነተኛ ስሙ ከታወቀ ይገዛል በሚል ሕግ ነው። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ለሚያምነው ብቻ ይነግራል። ጀግናው በአደባባይ የሚጠራው ስፓሮውሆክ ተብሎ ነው፤ ጌድ የተሰወረ ስሙ ነው። በ2004 የወጣው የቴሌቪዥን ፊልም ሁለቱን ገለበጣቸው፤ ጌድ የአደባባይ፣ ስፓሮውሆክ የምሥጢር ስም ሆነ። ከላይ ሲታይ የሁለት ስሞች ቦታ መለዋወጥ ነው። ለታሪኩ ግን ስምን አሳልፎ መስጠት ራስን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ የበሩን ቁልፍ በየትኛው እጅ እንደያዙ አለማወቃቸውን አሳየ። ደራሲዋ ተቃውሞዋን በአደባባይ ጽፋለች። የገጸ ባሕርያቱን የቆዳ ቀለም መለወጣቸውንም አጥብቃ ነቅፋለች፤ ጠይም ያደረገቻቸው አስባበት ነበርና።

የተገላቢጦሹን ማየትም ይጠቅማል። በቶልኪን መጽሐፍ የቦሮሚር ወንድም ፋራሚር ቀለበቱን መንገድ ዳር ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሳው ይናገራል። በ2002 ፊልም ግን ይፈተናል፤ ፍሮዶን እስረኛ አድርጎ ይወስደዋል። ብዙ አንባቢ ተቆጣ፤ እኔም ያንን የመጽሐፉን ፋራሚር እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ሆኖም የሠሪዎቹ ምክንያት ከባድ ነው። ቀለበቱ ያየውን ሁሉ እንደሚጎትት ለተመልካች ሲነግሩ ቆይተው አንድ ሰው ሳይጨነቅ ቢያልፈው፣ የቀለበቱ ሕግ በተመልካች ዓይን ይረክስ ነበር። ሕጉን ለማትረፍ ሰውየውን ጎዱ። ምርጫው ያሳዝነኛል፤ ያልታሰበበት ግን አይደለም።

እርስዎም የመጽሐፍዎን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፦ አስማት የሠራ ሰው ቃል ያጣል፣ ያጣው ቃል አይመለስም። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት እግር እንዳለው ልብ ይበሉ። ፕሮዲዩሰሩ ሁለተኛውን እግር ነው ቁረጡ የሚልዎ። ቃላቱ ቢመለሱ የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ ወደ ኋላ ሄዶ የመጀመሪያውን ያበላሻል። የተሰጠው ሁሉ ብድር ሆነ ማለት ነው። እንስራው ጋ አየር ላይ የቀረው እጅ ትርጉም ያጣል።

ይህን ከደረሰ ነገር ላሳይዎት። የሚኻኤል ኤንደ "ማብቂያ የሌለው ታሪክ" (1979) በሁለተኛው አጋማሹ ከእርስዎ መጽሐፍ ጋር ዘመድ ነው፤ ባስቲያን የተባለው ልጅ በምናብ ዓለም ውስጥ ምኞቱ በተፈጸመለት ቁጥር ከቀድሞ ሕይወቱ አንድ ትዝታ ያጣል። በ1984 የተሠራው የመጀመሪያ ፊልም በመጽሐፉ አጋማሽ አካባቢ ያቆማል፤ ልጁ በዘንዶ ተቀምጦ ወደ ገዛ ዓለሙ መጥቶ ያስቸገሩትን ልጆች ሲያሳድድ ያልቃል። ምኞት ያለ ዋጋ ሆነ። ፊልሙ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል፤ ኤንደ ግን በጣም አዝኖ ስሙ እንዲነሳለት ጠየቀ። የመጽሐፉ ሐዘን የተቀመጠው ባልተቀረጸው ግማሽ ውስጥ ስለነበረ ቁጣው ይገባኛል። በ2007 የወጣው "ወርቃማው ኮምፓስ" ደግሞ የፊሊፕ ፑልማንን የመጀመሪያ ቅጽ የመጨረሻ ምዕራፎች ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ለሚቀጥለው ፊልም ብሎ አወጣቸው፤ የመጽሐፉ እጅግ መራራ ክስተት እዚያ ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ፊልም አልተሠራም። ጣዕሙን የሚወስነውን መራራ ነገር ለነገ አያቆዩት።

ፕሮዲዩሰሩ ግን ጠላትዎ አይደለም። የሚፈራውን ይስሙት፤ ተመልካች ባዶ እጁን ይወጣል ብሎ ነው የሚሰጋው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ጦርነቱን ይስጡት። ከመጽሐፉ ውጭ ቢሆንም ሕጉን እስከጠበቀ ድረስ አይጎዳም። ብቻ በቃል ይዋጉበት፤ ግንብ ሲፈርስ አንድ ቃል፣ እሳት ሲቆም አንድ ቃል፣ የምንሰማው ጫጫታ እየበዛ የእሷ አፍ እየጠበበ ይሂድ፤ ጡዘቱ ላይ ስትደርስ የቀራትን የመጨረሻ ውድ ቃል እንወቅ። እኔ "ወንድሜ" የሚለው ቃል ይመስለኛል፤ መጽሐፉ ሌላ ቃል ካለው ግን የመጽሐፉ ይሁን።

የመጽሐፉ ወዳጆች "ሌላ ታሪክ ነው" ማለታቸውንም በዚህ ይመርምሩት። ቶልኪን በ1958 ለመጽሐፉ የቀረበለትን የፊልም ረቂቅ አንብቦ በጻፈው ደብዳቤ፣ ደካማ ፊልሞች የሚወድቁት የዋናው ሥራ እምብርት የት እንዳለ ባለማየት ስለሚያጋንኑና የማይገባ ነገር ስለሚጨምሩ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። አንባቢዎችዎ ስለ ጠፋ ጉዞ ቢያዝኑ ያዳምጧቸውና ይለፉ። ስለ ወንድሟ ካዘኑ ግን እምብርቱን ነው የጠቆሙዎት።

አንድ መንገድ ይቀራል፤ ሳይጽፉት በፊት ደራሲዋን ይጠይቋት። ሕጉ የጠፋው ቃል አይመለስም ይላል። አዲስ ቃል መፍጠርን ይከለክላል ወይ? አይከለክልም ካለች፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ልጁ እንስራውን ይዞ አጠገቧ ይቀመጥ፤ በየትኛውም ቋንቋ የሌለ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አንድ ድምፅ ይበላት፤ ትድገመው። ትንሽ ቆይታ፣ ሳትጠቁም፣ ራሷ ትበለው። ደብተሩ የሚያልቀው በዚያ ቃል ይሁን። ይከለክላል ካለች ደግሞ ልጁ ምንም ሳይል ያቅርብላት፤ ትጠጣ፤ ፊልሙ እዚያው ይቁም።